እርሻ ላይ የሚፈለፍሉ የውሃ ዳር ወፎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትኞቹ ወፎች ናቸው?

እግራቸው ረዘም ያለ፣ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እየተራመዱ ትልና ነፍሳት የሚለቅሙት ናቸው። አውሮፓ ውስጥ እርሻ መሬት ላይ ከሚፈለፍሉት ዋና ዋናዎቹ ላፕዊንግ፣ ከርሉ፣ ባለጥቁር ጭራ ጎድዊት፣ ሬድሻንክ፣ ስናይፕና ኦይስተርካቸር ናቸው። ላፕዊንግ አናቷ ላይ ባለችው ቀጭን ጉትዬ ትለያለች። ከርሉ ምንቃሩ እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ ነው። ሬድሻንክን እግሩ ያሳብቅበታል፤ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ኪልዲር የምትባል አለች፤ ጠጠር መንገድ ዳርም ሆነ የታረሰ ማሳ መሃል እንቁላሏን ትጥላለች።

የውሃ ዳር ወፍ ይባሉ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ዳር አይውሉም። ብዙዎቹ የብርዱን ወራት ጭቃማ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሳልፋሉ። ብርዱ ሲለቅ ወደ ሜዳና ወደ ማሳ ይገባሉ።

ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው እርሻ ላይ የሚፈለፍሉት?

ድሮ ረግረጉ፣ የወንዝ ዳር ሜዳውና ገላጣው ምድር ነበራቸው። ሰው ጫካውን መንጥሮ የግጦሽና የድርቆሽ ሜዳ ሲያበዛ እነሱም አብረው ተስፋፉ። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ጠላትን ከሩቅ የሚያሳይ ገላጣ ሜዳ፣ ምንቃር የሚያስገባ ለስላሳ አፈር፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ትል። የድሮው እርሻ ይህን ሁሉ ሳያስበው ያሟላላቸው ነበር። እንዲያውም የጎድዊትን ነገር ካየን፣ ገበሬው ባይኖር ኖሮ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያን ያህል አይበዛም ነበር። ስለዚህ ነገሩን የገበሬና የወፍ ጠብ አድርጎ ማቅረብ ከመነሻው ስህተት ነው።

ታዲያ ምን ተበላሸ?

ነገሩ ወዲህ ነው። እርሻው ፈጠነ፣ ወፎቹ ግን በድሮው ፍጥነት ላይ ናቸው።

ጎድዊትን እንውሰድ። ኤፕሪል ውስጥ አራት እንቁላል ትጥላለች። ከሦስት ሳምንት በላይ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ሜይ ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ መብረር የሚችሉት ግን ጁን ሲጋመስ ነው። ድሮ ሣር ለድርቆሽ የሚታጨደው በጁን ስለነበር ጫጩቶቹ ለጥቂት ያመልጡ ነበር። አሁን ሣሩ ለሳይሌጅ (እርጥብ ሳለ ታሽጎ ለሚብላላ የከብት መኖ) ነው የሚታጨደው፣ የመጀመሪያው አጨዳም ሜይ መግቢያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። ጎጆዋ የጠፋባት ወፍ እንደገና ልትጥል ትችላለች፤ የሁለተኛው ዙር ጫጩቶች ደግሞ ለሁለተኛው አጨዳ ይደርሳሉ።

አጨዳውን ያፋጠነው ምንድን ነው? ማዳበሪያና ውሃ ማጠንፈፍ። ቦይ ተቆፍሮ፣ ከመሬት ሥር ቱቦ ተቀብሮ ውሃው ሲወርድ አፈሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ሣሩም ቶሎ ይደርሳል። ለወፏ ግን የላይኛው አፈር ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ትሉም ወደ ታች ይሸሻል። በተለይ ስናይፕ መኖዋን የምታገኘው ረጅም ምንቃሯን አፈር ውስጥ እየሰካች ስለሆነ መሬቱ ሲደርቅ ወዲያው ትለቃለች።

ሌላው የሣሩ ዓይነት ነው። በማዳበሪያ የወፈረ፣ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ሣር ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። አንድ ቀን የሆናት ጫጩት ግን ውስጡ መራመድ አትችልም። ጠል ይዞ ያረጥባታል፣ የምትለቅመው ነፍሳትም ጥቂት ነው። አበባና ቅጠለ ሰፊ ተክል የተቀላቀለበት ሳሳ ያለ ሜዳ ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ትውላለች።

ሰብል በሚመረትበት አካባቢም ለውጥ አለ። ብሪታንያ ውስጥ እህል በጸደይ መዝራት ቀርቶ በመከር ወቅት መዝራት ተለመደ። ላፕዊንግ የምትወደው ባዶ ወይም ገና የበቀለ ማሳ ነው። ኤፕሪል ላይ ስትደርስ ቡቃያው አድጎ ይጠብቃታል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ኔዘርላንድስ በ1960ዎቹ 120,000 ያህል ጥንድ ጎድዊት ነበራት፤ ዛሬ ቁጥሩ ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። የሚያሳዝነው ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ተብላ በ2015 የተመረጠችው እሷው ናት። አየርላንድ ውስጥ በ1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ጥንድ ከርሉ ይፈለፍል ነበር። ከ2015 እስከ 2017 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው 138 ጥንድ ብቻ ነው። ብሪታንያም በ2015 ከርሉን በቀይ መዝገቧ (ሁኔታቸው እጅግ በሚያሳስብ ወፎች ዝርዝር) ውስጥ አስገብታዋለች፤ ላፕዊንግ ቀድማ ገብታ ነበር።

የከርሉ የቅርብ ዘመድ የሆነው ባለቀጭን ምንቃሩ ከርሉ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በ1995 ሞሮኮ ውስጥ ነው። በ2025 ከምድረ ገጽ እንደጠፋ በይፋ ተመዘገበ።

እኔ በየዓመቱ ሜዳዬ ላይ አያቸዋለሁ። የት ነው ጠፉ የምትሉት?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ወፎች ዕድሜያቸው ረጅም ነው። እግሩ ላይ መለያ ቀለበት ታስሮለት ከ30 ዓመት በላይ የኖረ ከርሉ ተመዝግቧል። ከ40 ዓመት ያለፈ ኦይስተርካቸርም አለ። ብዙዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ወደዚያው ሜዳ ነው የሚመለሱት። ስለዚህ አንድ ጫጩት ሳይበርርልዎት አሥር ዓመት ቢያልፍም ያው ጥንድ እየተመለሰ ሊያዩት ይችላሉ። ሜዳው ደህና ይመስላል። ከዚያ አንድ ዓመት ድንገት ጭር ይላል። ጠፉ የተባለው ያን ጊዜ ነው፣ መጥፋት የጀመሩት ግን ከዓመታት በፊት ነው።

መቆጠር ያለበት ታዲያ ወላጁ ሳይሆን የበረረው ጫጩት ነው። ጎጆም አይደለም። የላፕዊንግ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ አንድ ጥንድ በዓመት በአማካይ ከ0.6 እስከ 0.8 ጫጩት ማብረር አለበት። ከአራት እንቁላል አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ብዙ እርሻ ላይ ግን ይህም አይገኝም።

ለማወቅ ደግሞ ጫጩት ፍለጋ ሣር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ ወደ ሜዳው ጠጋ ይበሉ። ወላጆቹ ተነስተው ጭንቅላትዎ ላይ እየዞሩ ከጮኹብዎት ጫጩት አለ ማለት ነው። ዝም ካሉ፣ ወይም መንጋ ሠርተው ሄደው ከሆነ፣ በዚያ ዓመት አልተሳካላቸውም።

ጎጆአቸው ምን ይመስላል?

ጎጆ ለማለትም ይከብዳል። መሬት ላይ በደረት ተፍቃ የተሠራች ጎድጎድ ያለች ቦታ ናት፤ ትንሽ ደረቅ ሣር ጣል ጣል ይደረግባታል። እንቁላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። የኦይስተርካቸር ሦስት ይሆናሉ። ቀለማቸው አፈርና የደረቀ ቅጠል የሚመስል ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለባቸው። ሹል ሹል ጫፋቸው ወደ መሃል ተገጥሞ ስለሚቀመጡ ትልልቅ ቢሆኑም አንድ ላይ ይታቀፋሉ።

እናቲቱ ሰው ከሩቅ ስታይ ድምፅ ሳታሰማ ዝቅ ብላ ትሄድና ራቅ ካለች በኋላ ነው የምትነሳው። ስለዚህ በተነሳችበት ቦታ ጎጆ ቢፈልጉ አያገኙም። ከመኪና ወይም ከትራክተር ውስጥ ሆኖ በሩቅ ማያ መነጽር መጠበቅ ይሻላል፤ ከተሽከርካሪ ይልቅ የሚፈሩት በእግሩ የሚሄድን ሰው ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ቢጠብቁ ተመልሳ ስትቀመጥ ያዩአታል።

ማሳዬ ላይ ጎጆ አገኘሁ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ አይንኩት፣ አጠገቡም አይቆዩ። እንቁላል ሲቀዘቅዝ ይበላሻል፣ ቁራም የእርስዎን እንቅስቃሴ ይከታተላል። ጎጆው ጋ ደርሰው በመጡበት መንገድ አይመለሱ። አልፈው ይሂዱ፤ እግርዎ የረገጠው ሣር ጎጆው ጋ ሲደርስ የሚያልቅ መንገድ እንዳይሠራ ነው።

ትራክተር የሚመጣበትን አቅጣጫ አስበው ከጎጆው ጥቂት ሜትር ራቅ አድርገው በሁለቱም በኩል ቀጭን እንጨት ይትከሉ። ረጅምና ባንዲራ ያለው ነገር አያስፈልግም፤ ለእርስዎ የሚታየው ለቁራም ይታያል። የሚያርሱ ወይም የሚከሰክሱ ከሆነ እዚያ ሲደርሱ መሣሪያውን ያንሱ፣ ዙሪያውን ይተዉ። ለአጨዳ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ሳይታጨድ ይቅር። ሰፋ ያለ ስል ምክንያት አለኝ። በታጨደ ሜዳ መሃል የቀረች አንዲት ጠባብ የሣር ቁራጭ ለቀበሮ ሌሊት የምትፈተሽ የመጀመሪያ ቦታ ናት።

እንቁላሉን አንስቶ ዳር ማስቀመጥስ? አይሆንም። ወፏ ላትቀበለው ትችላለች፣ በብዙ አገርም ያለ ፈቃድ መንካት በሕግ ያስጠይቃል። ብሪታንያ የላፕዊንግ እንቁላል ለምግብ እየተሸጠ ስላስቸገራት ለእሷ ብቻ የሚሆን ሕግ ያወጣችው በ1928 ነው።

ጎጆውን ካዳንኩ በቃ አይደል?

አይደለም። በእኔ አስተያየት ገንዘብም ጉልበትም በብዛት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

የእነዚህ ወፎች ጫጩት ከተፈለፈለ በአንድ ቀን ውስጥ ጎጆውን ጥሎ ይወጣል። ላባው ለስላሳ ነው፣ እግሩ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ረጅም ነው፣ መኖውንም ራሱ ይለቅማል። ኦይስተርካቸር ለጫጩቶቿ መኖ ታመላልሳለች፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ያሞቋቸዋል፣ ይጠብቋቸዋል እንጂ አያጎርሱም። ለመብረር አምስት ሳምንት ገደማ ይቀራቸዋል። አደጋው የሚበዛው ያኔ ነው። እናት ስትጮህ ጫጩቱ ከመሮጥ ይልቅ መሬት ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል። ይህ ለጭልፊት ይሠራል። ለማጨጃ ማሽን አይሠራም።

ስለዚህ ጎጆው ተፈልፍሎ ባዶ ሲሆን "ተገላገልን" ብሎ በማግስቱ ማጨድ ከንቱ ድካም ነው። የሚያዋጣው አካሄድ ይህ ነው። ወፎች ያሉበትን ማሳ እስከ ጁን አጋማሽ ያቆዩት። ሁሉንም ማቆየት ካልተቻለ በተለያየ ቀን ያጭዱ፤ አንዱ ሲታጨድ ጎረቤቱ ቆሞ ይጠብቅ፣ ጫጩቶቹ ወደዚያ ይሻገራሉ። ሲያጭዱ ከዳር ወደ መሃል አይዙሩ፤ በመጨረሻዋ ቁራጭ ውስጥ ሁሉንም ያጉራሉ። ከመሃል ጀምረው ወደ ውጭ ይሂዱ፣ ቀስ ይበሉ፣ ዳር ላይ ያልታጨደ ሰቅ ይተዉ። ሙቀት የሚለይ ካሜራ ያለው ድሮን ማግኘት ከቻሉ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ ማልደው ያስነሱት። ጎጆና ጫጩት በቀዝቃዛው መሬት ላይ ደምቀው ይታያሉ።

ውሃ ማቆር ማሳዬን አያበላሽብኝም?

ማሳውን በሙሉ ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። በየሜዳው ጥልቀት የሌለው፣ ዳሩ እያዘመመ የሚወርድ ጉድጓድ ወይም የቦይ ዳር በቂ ነው። ጫጩት የሚያስፈልጋት ውሃው ሳይሆን የውሃው ዳር ነው፤ ጭቃው ላይ ነፍሳት ይርመሰመሳል። ጸደይ ላይ የቦዩን ውሃ ከፍ ማድረግና እስከ ጁን እንዳይደርቅ መጠበቅ ትልቁን ሥራ ይሠራል። ሜዳው ዓመቱን በሙሉ ከውሃ በታች ሲከርም ደግሞ የመሬት ትሉ ያልቃል። መጠን ይኑረው።

ከብቶቼ እንቁላል አይረግጡም?

ይረግጣሉ። ግን ያለ ከብት ሣሩ ይወፍርና ወፎቹ ጥለው ይሄዳሉ። በጥቂት ከብት የሚጋጥ ሜዳ አንዱ ጋ አጠር፣ አንዱ ጋ ጉብ ያለ ሣር ስለሚኖረው ለአብዛኞቹ ይመቻል። ጸደይ ላይ ቁጥራቸውን ይቀንሱ። ጥጃና ጊደር ስለሚፈነጩ ከረጋች ላም ይልቅ ብዙ ጎጆ ይረግጣሉ።

ግጦሽ ሲጠፋ የሚመጣውን ካዛኪስታን ላይ ማየት ይቻላል። ለመጥፋት የተቃረበችው ሶሻብል ላፕዊንግ እዚያ በብዛት የምትፈለፍለው በመንደር ዙሪያ፣ ከብት አጭር አድርጎ በጋጠው ሜዳ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አይቨርሜክቲን የመሰሉ የትላትል መድኃኒቶች በእበት ይወጣሉ፣ እበት ውስጥ የሚኖረውን ነፍሳትም ይጎዳሉ። ለመላው መንጋ በልማድ ከመስጠት አስመርምሮ ለታመመው መስጠት ይሻላል።

ቀበሮና ቁራ ናቸው እንጂ የጨረሷቸው፣ ገበሬው ምን አደረገ?

ይህን የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጎጆ ላይ በተተከሉ ካሜራዎች ሲታይ ብዙ ጎጆ የሚጠፋው ሌሊት ነው፣ ቀበሮም ከዋና ተጠያቂዎቹ አንዱ ነው። ግን ቀበሮ ድሮም ነበረ። የተለወጠው ወፎቹ በትንንሽ ቁራጭ መሬት ላይ መበታተናቸው ነው። ሃያ ጥንድ ላፕዊንግ ተባብሮ ቁራን ከሜዳው ያባርራል። ሁለት ጥንድ አይችልም።

ምን ይደረግ? የኤሌክትሪክ አጥር ጎጆን በማዳን በኩል ጥሩ ይሠራል። ጫጩቶቹ ከአጥሩ ሲወጡ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። በአንዳንድ አገር በሕግ ተፈቅዶ ቀበሮና ቁራ ይታደናል። እኔ አጥሩን አስቀድማለሁ፤ ያም ሆኖ ቁጥራቸው ክፉኛ በወረደበት ቦታ ሜዳውን ብቻ አሳምሮ አዳኙን ዝም ማለት ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ መካድ አይቻልም።

ዛፍ መትከልስ? መቼም ዛፍ ለወፍ ጥሩ ነው።

ለእነዚህ አይደለም። ዛፍ ለቁራና ለጭልፊት ማማ ነው፣ ከሥሩም ቀበሮ ይደበቃል። ስለዚህ ወፎቹ ዛፍ አጠገብ መፈልፈል አይወዱም። አይስላንድ ውስጥ በተተከለ ደን ዙሪያ የሚፈለፍሉት ወፎች ቁጥር ከደኑ ራቅ ካለው ሜዳ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዛፍ ሌላ ቦታ ይተከል፤ ገላጣው ሜዳ ገላጣ ሆኖ ይቅር።

ገበሬው ይከፈለዋል? ክፍያውስ ውጤት አለው?

አውሮፓ ውስጥ አጨዳን ለሚያዘገይ፣ ውሃ ለሚያቆይ፣ መሬት ጦም ለሚያሳድር ገበሬ የሚከፈልባቸው ውሎች አሉ። ውጤታቸው ግን የተቀላቀለ ነው። በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የኔዘርላንድስን ማሳዎች አነጻጽሮ ነበር። ውል የተገባባቸው ማሳዎች ላይ በብዛት የሚታወቁት አራቱ የውሃ ዳር ወፎች ጭራሽ ቀንሰው ተገኙ። ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሳ።

ለምን እንዲያ ሆነ ቢባል፣ ቀን ማዘግየት ብቻውን ደረቅ መሬትን አያርስም፣ ትልም አይመልስም። ከ2016 ወዲህ ኔዘርላንድስ ውሉን ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር መዋዋል ትታ ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ነው የምትዋዋለው። ይህ አካሄድ ያሳምናል፤ ወፏ የመሬት ድንበር አታውቅማ። የአንዱ ማሳ ዘግይቶ የጎረቤቱ በሜይ ሲታጨድ ምን ዋጋ አለው?

የተሳካ ነገርም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ስቶን ከርሉ የሚባለው ወፍ በ1980ዎቹ ወደ 160 ጥንድ ገደማ ወርዶ ነበር። ሠራተኞች ጎጆ እየፈለጉ ለገበሬው እየነገሩ፣ ገበሬውም ትራክተሩን እያዞረ፣ ማሳ መሃል ባዶ ቦታ እየተወ ቁጥሩ ከ300 ጥንድ በላይ ወጣ። ገበሬው ስልክ የሚደውልለት የሚያውቀው ሰው ነበረው። ከክፍያው እኩል የሠራው ይህ ይመስለኛል።

እንቁላል ወስዶ አሳድጎ መልቀቅ አይቀልም?

ይደረጋል። እንግሊዝ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የጎድዊት እንቁላል ከማሳ ተሰብስቦ፣ ጫጩቶቹ በሰው እጅ አድገው መብረር ሲችሉ ተለቀዋል። ተመልሰው መጥተው የፈለፈሉም አሉ። ግን ውድ ነው፣ የሚመለሱበት ሜዳ ካልተስተካከለ ደግሞ ጊዜ መግዣ ብቻ ነው።

የብርዱን ወራት የት ነው የሚያሳልፉት?

ጎድዊቶች ስፔንና ፖርቱጋል፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ደግሞ ሴኔጋልና ጊኒ ቢሳው ይደርሳሉ። እዚያም የሩዝ እርሻ ላይ ነው የሚውሉት፤ ከእርሻ ወደ እርሻ ነው ጉዟቸው።

እኔ ገበሬ አይደለሁም። ምን ላግዝ?

ከማርች እስከ ጁላይ ሜዳ ላይ ሲሄዱ ከመንገዱ አይውጡ፣ ውሻዎን በገመድ ይያዙ። ውሻ እንቁላል ባይበላም እናቲቱን ያስነሳል፣ ቁራው ደግሞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ወፍ እየጮኸ ከዞረብዎት ፎቶ ለማንሳት አይቁሙ፣ ይለፉ። እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው ወፍ ካዩ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ ግራና ቀኙን ለይተው ይጻፉና ቦታውንና ቀኑን ጨምረው በአገሩ ላለው የወፍ ቀለበት መዝጋቢ ይላኩ። ወፉ ስንት ዓመቱ እንደሆነና የት እንደተፈለፈለ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ይመጣልዎታል።